የታራሚ ክስና የዳኝነት ክፍያ፦ «በደኻ ደንብ» መክሰስ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። መንግሥት አስሮ የያዘው ሰው ያንኑ መንግሥት ለመክሰስ ሲነሣ የዳኝነት ክፍያ ሊጠየቅ ይገባልን? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከአንቀጽ 467 ጀምሮ «በደኻ ደንብ» ክስ ስለ ማቅረብ ይደነግጋል። የዳኝነቱን ክፍያ በሙሉም ሆነ በከፊል ለመክፈል አቅም ያነሰው ሰው የፍርድ ቤት ደጅ እንዳይዘጋበት የታሰበ ነው። ይኸው አሳብ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለታራሚዎች ሲሆን መልኩን እንዴት እንደ ለወጠ እንመርምር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1892 ባወጣው ሕግ ድኽነቱን በቃለ መሐላ ያረጋገጠ ዜጋ አስቀድሞ ሳይከፍል እንዲከስ ፈቀደ። በ1995 ግን ታራሚዎች ስለ ሲቪል መብታቸው ያቀረቧቸው ክሶች በዓመት ወደ 40 ሺህ ደርሰው ነበር። ለሕግ ለውጥ የተነሡ ወገኖች ከሁሉ አብልጠው ያወሩት ስለ አንድ እስረኛ ነው፤ የተሰጠው የኦቾሎኒ ቅቤ የልም እንጂ ሸካራ ስላልሆነ መንግሥትን ከሰሰ ተባለ። የሁለተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበሩት ጆን ኒውማን መዝገቡን ሲመረምሩ ያገኙት ሌላ ነበር። እስረኛው ያላዘዘውን ዓይነት መልሶ አስረከበ፤ ምትኩን ሳይቀበል ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛወረ፤ ከሒሳቡ ግን 2.50 ዶላር ተቀነሰበት። ክሱ ስለ ጣዕም ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ነበር።

የታራሚዎችን ክስ የሚገድበው ሕግ በሚያዝያ 1996 ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት ድኻ የሆነ ታራሚ አስቀድሞ ሁሉንም ባይከፍልም ከክፍያው ነጻ አይወጣም፤ ባለዕዳ ይሆናል። የክስ መክፈቻው 350 ዶላር ነው። በመጀመሪያ ባለፉት 6 ወራት ወደ ሒሳቡ ከገባው ወርኃዊ አማካይ ወይም ከአማካይ ቀሪው፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው 20 በመቶ ይወሰዳል። ቀጥሎም ሒሳቡ ከ10 ዶላር ባለፈ ቁጥር ካለፈው ወር ገቢ 20 በመቶ ይቆረጣል። ይህ የ10 ዶላር ወለል ከ1996 ወዲህ አልተሻሻለም። ምንም ገንዘብ የሌለው ታራሚ በዚህ ምክንያት ብቻ ከመክሰስ እንደማይከለከል ሕጉ ይናገራል፤ ዕዳው ግን ይከተለዋል።

ስሌቱን እንመልከት። በወር 25 ዶላር የሚያገኝ ታራሚ በየወሩ 5 ዶላር ይከፍላል፤ 350 ዶላሩ የሚያልቀው በ70 ወር፣ ማለትም ወደ ስድስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ነው። ክሱ በመጀመሪያው ሳምንት ውድቅ ቢሆንም ዕዳው አይሰረዝም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በብሩስ እና ሳሙኤልስ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ደግሞ 20 በመቶው ለእያንዳንዱ ክስ ለየብቻው ይቆረጣል። ስለዚህ አራት ክስ ያለው ታራሚ ከ25 ዶላሩ 20ውን ያጣል።

ከዚህ የሚብሰው የሦስት ጊዜ ደንብ ነው። ፍሬ ቢስ፣ ተንኮል ያለበት ወይም የክስ ምክንያት የሌለው ተብሎ ሦስት ጊዜ ክሱ ወይም ይግባኙ ውድቅ የሆነበት ታራሚ፣ ለከባድ የአካል ጉዳት የሚዳርግ አደጋ ካልተደቀነበት በቀር በክፍፍል የመክፈል ዕድሉን ያጣል፤ ክፍያውን በሙሉ አስቀድሞ ማምጣት አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 በሎማክስ ጉዳይ፣ ክሱን አሻሽሎ እንደገና ለማቅረብ የማይከለክል ውድቅታም እንደሚቆጠር ወስኗል። ጠበቃ የሌለው ሰው በአጻጻፍ ጉድለት የሚቀጣው እንዲህ ነው።

የሕጉ ደጋፊዎች ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የዳኞች ጊዜ ውሱን ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ዋጋ የሚከፍል ሰው ከመክሰሱ በፊት ያስባል ይላሉ። ነገር ግን ይኸው ሕግ መንግሥታዊ አካልን ወይም ባለሥልጣንን የሚከስ የታራሚ አቤቱታ ገና ከመነሻው በዳኛ እንዲመረመርና መሠረት የሌለው እንዲጣል ያዝዛል። ምርመራው ክሱን ይመዝናል፤ ክፍያው ግን የሚመዝነው ኪስን ብቻ ነው። እውነተኛ የ2.50 ዶላር ጥያቄ ያለው ሰው 350 ዶላር ዕዳ ገብቶ አይከስም፤ በውሸት የሚከስ ግትር ሰው ግን ላይቆም ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የታራሚውን ሒሳብ የሚይዘው፣ መግለጫውን አረጋግጦ ለፍርድ ቤት የሚሰጠው፣ ገንዘቡንም ቆርጦ የሚልከው ማረሚያ ቤቱ ነው። ተከሳሹ ብዙ ጊዜ ይኸው ተቋም ወይም ሠራተኛው ነው። ከእስር ውጭ ያለ ድኻ ከሳሽ እንዲህ ባለው ጥገኝነት ሥር አይወድቅም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የድኻ ደንብን ስትተረጉሙ ሁልጊዜ እነዚህን ጠይቁ፦ ድኽነቱን የሚመሰክረው ማን ነው? የሚመዘነው ክሱ ነው ወይስ ከሳሹ? ነጻ መሆን ሲባል ክፍያው ቀርቷል ወይስ ተላልፏል? መልሱን በጋራ እንድንፈልግ መድረኩን ለውይይት እለቅቃለሁ።