ቅዳሜ የማይነዳው ቤት

አርቪ የሚገዛ ሰው ሻጩን የሚጠይቀው ስለ መንገድ ነው፤ ስንት ሊትር ይበላል፣ ዳገት ላይ እንዴት ነው? ሰንበትን አጥብቆ የሚጠብቅ የአይሁድ ቤተሰብ ግን ሌላም ጥያቄ አለው። ይህ መኪና ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ሃያ አምስት ሰዓት ያህል፣ ማንም ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነካ ሰው ማኖር ይችላል? ልጆቻቸውን ራሳቸው እያስተማሩ አሜሪካን በአርቪ የሚዞሩ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች አሉ። የዚህን ማሽን ሆድ ዕቃ ማወቅ የፈለገ ሰው ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ የሚያገኝ አይመስለኝም።

አርቪ መኝታ፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያለው ተሽከርካሪ ነው። በአውቶቡስ ወይም በከባድ መኪና ሻንሲ ላይ የሚሠራው ትልቁ «ክላስ ኤ» ይባላል። «ክላስ ቢ» ቫን ነው። «ክላስ ሲ» ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ አለው፤ ልጆች የሚጣሉበት አልጋ ያ ነው። በፒክአፕ የሚሳበው ተጎታችም ከቤተሰቡ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1910 ፒርስ አሮው የተባለው ኩባንያ በኒውዮርክ ያሳየው የኋላ መቀመጫው አልጋ የሚሆን መኪና ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዛሬ የአሜሪካ አርቪ በአብዛኛው የሚሠራው በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርት ከተማና ዙሪያዋ ነው።

ውስጡ ሦስት ታንከር አለ፤ አንዱ ለንጹህ ውሃ፣ አንዱ ለእጣቢ፣ አንዱ ለሽንት ቤት። መብራቱም ሁለት ዓይነት ነው። 12 ቮልቱ ከባትሪ ይመጣል፤ 120 ቮልቱ ከካምፑ ምሰሶ በወፍራም ገመድ ይሳባል። ምድጃው፣ ማሞቂያውና ብዙ ጊዜ ፍሪጁም በፕሮፔን ጋዝ ይሠራሉ። ለሌላው ተጓዥ ይህን ማወቅ ይበቃል። ለእነዚህ ቤተሰቦች ግን ሥራው ከዚህ ይጀምራል።

ሰንበት የሚገባው በልማድ ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ ቀደም ብሎ ሻማ ሲለኮስ ነው። በሐምሌ ሞንታና ላይ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትቆያለች፤ በታኅሣሥ አሪዞና ላይ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ ዓርብ የሚነዳው በሰዓት እየተለካ ነው። መኪናው ቦታው ላይ እንደደረሰ አባትየው ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል፣ ልጆቹ ደግሞ በጎማዎቹ ሥር ጣውላ እየሸጎጡ ያስተካክላሉ። ይህ ለእንቅልፍ ምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በብዙ አርቪዎች ያለው ፍሪጅ መጭመቂያ ሞተር የለውም፤ አሞኒያን በሙቀት እያዘዋወረ ነው የሚያቀዘቅዘው። ቮን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 የፈጠሩት ዘዴ ነው። መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ በወጉ አይወርድም፣ ፍሪጁም ማቀዝቀዙን ያቆማል። ቅዳሜ ጠዋት ይህ ቢታወቅ መኪናውን አስነስቶ ማስተካከል አይቻልም።

የፍሪጁ አምፖል ይነቀላል፤ አለበለዚያ በሩን መክፈት መብራት ማብራት ነው። በሩ ሲከፈት በሞተር የሚዘረጋው መውጫ ደረጃም አስቀድሞ ተዘርግቶ ማጥፊያው ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ውሃው ነው። ከታንከሩ የሚመጣው ውሃ የሚገፋው ቧንቧው ሲከፈት በሚነሳ ፓምፕ ስለሆነ፣ ፊት መታጠብ ኤሌክትሪክ ማስነሳት ይሆናል። መፍትሔው ፓምፑን አጥፍቶ ከካምፑ ቧንቧ በጎማ ውሃ መሳብ ነው። ሙቅ ውሃውን ያኔም ቢሆን አይነኩም። ሙቁ ሲቀዳ በቦታው ቀዝቃዛ ገብቶ ይሞቃል፣ ያም በሕጉ ከማብሰል ይቆጠራል። የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹን ግን የሚያጠፋ የለም፤ ሕይወት ማዳን ከሰንበት ይቀድማል።

ማስጠንቀቂያዎቹን አለማጥፋታቸውም በከንቱ አይደለም። በብዙ የአይሁድ ቤቶች የቅዳሜ ምሳ ዓርብ የተጣደና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ የበሰለ የሥጋና የባቄላ ወጥ ነው። በዚህች ጠባብ ክፍል የጋዝ ምድጃ ሌሊቱን አንድዶ መተኛት ግን፣ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ እንደ መተኛት ነው። ስለዚህ ወጡ የሚጣደው በኤሌክትሪክ ድስት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምሰሶ ያለው ካምፕ ያስፈልጋል። በጎንደር የነበሩት ቤተ እስራኤል ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም፤ ዓርብ እሳቱን አጥፍተው የሰንበቱን ምግብ ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። ለአርቪ የእነሱ ሥርዓት ይበልጥ ይመች ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከመኪናው ውጭ ደግሞ የመሸከም ሕግ አለ። በሰንበት ዕቃ ከግል ቦታ ወደ ጋራ ቦታ አይወጣምና፣ ሕፃን አቅፎ ወይም ሳህን ይዞ ወደ ጠረጴዛው መውረድ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። አንዳንዱ ቤተሰብ በካምፑ ቦታ ዙሪያ እንጨት ተክሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ይወጥራል። ሲባጎው እንደ በር መቃን ስለሚቆጠር ቦታው እንደ ግቢ ይሆናል። ጎረቤት ካምፕ ያደረገው ሰው ልብስ ማስጫ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ተንቀሳቃሽ ቤት ለሕጉ አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተሰበሰበው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ሚሽና፣ ለዳስ በዓል የሚሠራው ዳስ በሠረገላ ወይም በመርከብ ላይ ቢሠራ ይፈቀዳል ይላል። በግመል ላይም ይፈቀዳል፤ ብቻ በበዓሉ ዕለት ወደዚያ መውጣት አይቻልም። የ12ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ማይሞኒደስ ደግሞ በመርከብ ላይ ያለ ክፍል ቋሚ መኖሪያ ስላልሆነ በበሩ መቃን ላይ መዙዛ የሚባለው የኦሪት ጽሑፍ አያስፈልገውም ብሏል። ታዲያ ቤቱን ሸጦ ዓመት ከዓመት አርቪ ውስጥ የሚኖረውስ? ረቢዎቹ በዚህ አይስማሙም። በመኪና ሃይማኖትን ማዞር ግን የቆየ ነገር ነው፤ የሉባቪች ሐሲዶች የተባሉት አይሁድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በኒውዮርክ ጎዳናዎች «ሚጽቫ ታንክ» የሚሏቸውን መኪኖች አሰማርተዋል።

ምግቡ ከሚታሰበው በላይ ይቀላል። የታሸገ ምግብ ላይ በክብ ውስጥ ያለች «ዩ» ፊደል ከተገኘች ኮሸር፣ ማለትም በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ያቺ ምልክት በትንሽ ከተማ ሱቅም አትጠፋም። የሚጠፋው ሥጋ ነው፣ ስለዚህ ከትልቅ ከተማ በረዶ ሆኖ ይጫናል። የሥጋና የወተት ዕቃ ተለይቶ መቀመጥ ስላለበት ግን ቁም ሳጥኑ ይጠባል፤ ብዙዎች መንገድ ላይ ወተቱን ወይም ሥጋውን መተው ይመርጣሉ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ በኒውዮርክ አካባቢ ባሉ ብዙ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች የአንድ ልጅ ክፍያ በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። አራት ልጅ ያለው ሰው ይህን ሲደምር አርቪው ርካሽ ይመስለዋል። በቤት ማስተማር በሃምሳዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ይለያያል። ኒውዮርክ የዓመት ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትጠይቃለች። በቴክሳስ የግዛቷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የቤት ትምህርትን እንደ ግል ትምህርት ቤት ስለቆጠረው የሚሞላ ቅጽ የለም። ብዙ ተጓዦች አድራሻቸውን ቴክሳስ ላይ የሚያደርጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዕብራይስጡና የሳምንቱ የኦሪት ምንባብ በኢንተርኔት ከሩቅ መምህር ጋር ይነበባል፣ ሂሳቡ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ይሠራል። የአራተኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች በነፃ የሚያስገባ የአንድ ዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ በቤት የሚማሩትም አይገለሉም። ዩታ ያለውን የጽዮን ፓርክ ሲያዩ ግን ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጽዮን እዚህ ምን ትሠራለች? የሞርሞን ሰፋሪዎች ናቸው ስሙን ያወጡት። ከዚህ መልስ የሚጀምረው የታሪክ ትምህርት እስከ ማታ አያልቅም።

ቅዳሜ ሦስት ኮከብ ሲታይ ሰንበቱ ይወጣል፤ በበጋ ግን ያኔ የካምፑ የጸጥታ ሰዓት ስለሚደርስ ሞተር ማስነሳት ነውር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የዓርብንም የቅዳሜንም አዳር ይከፍላል፣ የሚነሳውም እሁድ ጠዋት ነው። የሳምንት መጨረሻ ደግሞ ሁሉም የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ በብዙ የመንግሥት ካምፖች ቦታ መያዝ የሚከፈተው ከስድስት ወር በፊት ሲሆን ጥሩው ወዲያው ያልቃል። በመሆኑም የዓመቱን ጉዞ ሲያቅዱ መጀመሪያ ካርታው ላይ የሚነጠቡት ዓርቦች ናቸው። ከዚያ በኋላ ርቀቱ ይሰላል። ሰኞና ማክሰኞ የት እንደሚታደር ያን ያህል አያሳስብም፤ ያኔ ቦታ አይጠፋም።