ሲገፉት ወደ ጎን የሚሸሸው የማግኔት ጥምዝ

ብረትንና ኮባልትን በመሰሉ ማዕድናት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም የራሱ ሰሜንና ደቡብ ያለው ኢምንት ማግኔት ነው። ጎረቤታሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ያህል የሆነ የኮባልት ሽፋን ፕላቲነም ላይ ሲነጠፍ ግን በመገናኛው ላይ ሌላ ግፊት ይፈጠራል፤ ጎረቤታሞቹን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ ያዘነብላቸዋል። የዚህን ግፊት ምንነት ሶቪየታዊው የፊዚክስ ሊቅ ዝያሎሺንስኪ በ1958፣ ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሞሪያ በ1960 አብራርተዋል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አንድ አቅጣጫ የሚያስይዛቸው ግፊትና ይህ የሚያዘነብላቸው ግፊት ሲታገሉ ስከርሚዮን የሚባል ክብ ጥምዝ ሊወለድ ይችላል። በዙሪያው ያሉት አቶሞች ሰሜናቸው ወደ ላይ ነው፤ የመሐሉ ወደ ታች፤ በመካከል ያሉት ደረጃ በደረጃ ይገለበጣሉ። ስለዚህ አቅጣጫዎቻቸው አንድ ላይ ሲታዩ በዓለም ያለውን አቅጣጫ ሁሉ አንድ ጊዜ ያዳርሳሉ። የሒሳብ ሰዎች ይህን የሚቆጥሩት በሙሉ ቁጥር ነው፤ ግማሽ ጥምዝ ስለሌለ ቀስ በቀስ ፈትቶ ማጥፋት አይቻልም። እርግጥ ሽፋኑ የተነጣጠሉ አቶሞች ስብስብ ስለሆነ በቂ ሙቀት ካገኘ ይፈርሳል፤ ጥበቃው ፍጹም አይደለም።

ስሙ የተወሰደው ተመሳሳይ ሐሳብ ለአቶም እምብርት ካቀረበው ከእንግሊዛዊው ቶኒ ስከርም ነው። ማግኔት ውስጥም ሊኖር እንደሚችል የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቦግዳኖቭና ያብሎንስኪ በ1989 ተነበዩ። በ2009 ጀርመን ውስጥ በማንጋኒዝና ሲሊከን ውሁድ ላይ ሲገኝ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 245 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ በ2016 ግን የተለያዩ ቡድኖች በተራ የክፍል ሙቀት፣ በስስ ሽፋኖች ውስጥ አሳዩት።

ከሁሉ የሚማርከኝ እንቅስቃሴው ነው። ከሥሩ ባለው ፕላቲነም ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ስከርሚዮኑን ይገፋዋል፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። አሽከርክረው የመቱት ኳስ አየር ላይ እንደሚታጠፍ ሁሉ ወደ ጎን ይሸሻል። ምክንያቱ ያው ጥምዙ ነው፤ ከመፈታት የሚጠብቀው ነገር ራሱ ከመንገዱ ያስወጣዋል። ጥምዙ በተገላቢጦሽ ሲሆን የሚሸሽበትም ወገን ይገለበጣል። በ2017 ሁለት ቡድኖች ይህን በቀጥታ ሲያዩት መዛነፉ ወደ 30 ዲግሪ ደርሶ ነበር።

ነገሩ ለመረጃ ማከማቻ ትልቅ እንቅፋት ነው። ሐሳቡ ስከርሚዮኖችን በቀጭን ጎዳና ላይ ደርድሮ መረጃን በመኖራቸውና ባለመኖራቸው መጻፍ ነው፤ ወደ ጎን የሸሸው ጠርዙን ነክቶ ከጠፋ መረጃውም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው፣ በእኔ እምነት፣ ከችግሩ ያላነሰ ማራኪ ነው። ሁለት ማግኔታዊ ሽፋኖች በመካከላቸው ስስ የሩቴኒየም ሽፋን ገብቶ ተቃራኒ አቅጣጫ እንዲይዙ ይደረጋል። የላይኛው ስከርሚዮን ወደ ግራ ሲያዘነብል የታችኛው ወደ ቀኝ ይስባል፤ ስለተቆራኙ ቀጥ ብለው ይጓዛሉ። በ2024 የታተመ ጥናት በእንዲህ ዓይነት ሽፋን ውስጥ በሰከንድ 900 ሜትር የሚደርስ ፍጥነት አሳይቷል። የቀረው ከባድ ሥራ እያንዳንዱን ስከርሚዮን በአስተማማኝ ሁኔታ መጻፍና ማንበብ ነው፤ በስከርሚዮን የሚሠራ ማከማቻ ገና ገበያ ላይ አልወጣም።