የአስታማሚ ሴቶች ዕረፍት በደን ጥላ ሥር

በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በጃኒስ ኪኮልት ግሌዘር መሪነት፣ በ1995 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተሙት አንድ ጥናት፣ የመርሳት ደዌ የጸናበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜና በኑሮ ከእነርሱ ጋር የሚተካከሉ፣ ነገር ግን የማስታመም ሸክም የሌለባቸውን ሌሎች 13 ሴቶች መርጠው፣ በየፈቃዳቸው በክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ክብ ቍስል አደረጉባቸው። ከዚያ በኋላ ቍስሏን ፎቶግራፍ እያነሡ፣ በየጊዜውም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ እያደረጉባት ቈዩ፤ ይህ ፈሳሽ ገና ያልሻረ ቍስል ሲነካ ነጭ አረፋ ስለሚያወጣ፣ አረፋው የቀረበት ቀን ቍስሏ ፈጽማ የዳነችበት ቀን ተብሎ ይመዘገብ ነበር። የሌሎቹ ሴቶች ቍስል በአማካይ በ39 ቀን ሲድን፣ የአስታማሚዎቹ ግን ወደ 49 ቀን ገደማ ፈጀ።

ሌላውን ለማዳን የምትተጋ ሴት የገዛ ሥጋዋ ለመዳን መዘግየቱ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን የተሰወረ አይደለም። ሰው አደጋ በገጠመው ጊዜ ከኵላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይልካሉ፤ እርሱም ለመሸሽ ወይም ለመከላከል የሚሆነውን ኃይል ሲያዘጋጅ፣ ለጊዜው የማያጣድፉትን ተግባራት፣ ከእነዚህም መካከል የሰውነትን መከላከያና ቍስል የመጠገን ሥራ፣ ያቀዘቅዛቸዋል። አደጋው ሲያልፍ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ አካልም ወደ ቀድሞ ሥርዐቱ ይመለሳል። አስታማሚ ግን አደጋው ሳያልፍላት ዓመታት የሚነጕዱባት ሰው ናት። ኤሊሳ ኤፐልና ኋላ በ2009 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኙት ኤልዛቤት ብላክበርን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ዓ.ም. ሥር የሰደደ ደዌ ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችን በመረመሩ ጊዜ፣ በማስታመም ያሳለፉት ዘመን በረዘመ መጠን ቴሎሜር የሚባለው፣ በየሕዋሱ ውስጥ የክሮሞሶምን ጫፍ የሚጠብቀውና ከዕድሜ ጋር እያጠረ የሚሄደው ክፍል፣ ይበልጥ አጥሮ አገኙት።

ይህ ሸክም በሁሉ ላይ በእኩል የሚወድቅ አይደለም። በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ጥቁሮች በአልዛይመርና በመሰል የመርሳት ደዌ የመያዛቸው ዕድል ከነጮች አረጋውያን እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ዕድልም ከነጮቹ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሆናል፤ ከታማሚው አልጋ አጠገብ የምትገኘውም ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ፣ ሚስት ወይም ምራት ናት። ከዚህም ላይ አርላይን ጄሮኒመስ የተባሉት ምሁር በ1992 ዓ.ም. ያቀረቡት አሳብ ይጨመራል፤ ይኸውም የዘር አድልዎና የኑሮ ጭንቀት ዕለት ዕለት ተደራርበው የጥቁር ሴቶችን አካል ያለ ዕድሜው ያስረጁታል የሚል ነው። እንግዲህ የማስታመም ድካም የሚመጣው ቀድሞ በደከመ ሥጋ ላይ ነው ማለት ነው።

ለጥቁር፣ ለላቲን አሜሪካ፣ ለእስያና ለነባር ሕዝቦች ተወላጅ አስታማሚዎች ተብሎ በአሜሪካ በየስፍራው የሚዘጋጀው የዕረፍት ጉባኤ መነሻው ይህ ነው። ጥቂት ሴቶች ለሁለትና ለሦስት ቀን ወደ ደን፣ ወደ ተራራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ በዝግታ ይራመዳሉ፣ በጽሞና ይቀመጣሉ፣ ሌላ ሰው ያበሰለውን ይበላሉ፣ የሚቀሰቅሳቸው ሳይኖር እስከ ንጋት ይተኛሉ። ይህን ነገር የባለጠጎች ሽርሽር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ እኔ በበኩሌ ነገሩን አልመረመረውም እላለሁ፤ ዛፍና ውሃ በሰው ኅሊና ላይ የሚሠሩትን ሥራ ሳይንስ ከመረመረው እነሆ አርባ ዓመት አልፏልና።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ራሔልና ስቲቨን ካፕላን፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ዊልያም ጀምስ ከእነርሱ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ በጀመረው አሳብ ላይ ተመሥርተው፣ የሰው ትኵረት በሁለት እንደሚከፈል አስረዱ፤ አንደኛው በፈቃድና በጥረት የምንይዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳንለፋ በራሱ የሚሳበው ነው። የመጀመሪያው በሥራ ብዛት ይዝላል፤ በዛለም ጊዜ ሰው ይቈጣል፣ ይረሳል፣ ይሳሳታል። የአባቷን መድኃኒት ሰዓት በልቧ ይዛ፣ ከአልጋ ሲነሡ እንዳይወድቁ በእንቅልፏም መካከል እያዳመጠች፣ ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ ተመልሳ የምታረጋግጥ ሴት ይህን የትኵረት ኃይል ሌሊትና ቀን ታወጣዋለች፤ የምትተካበት ጊዜ ግን የላትም። በቅጠል ላይ የሚጫወት ብርሃን፣ የወንዝ ድምፅ፣ የደመና ጉዞ ኅሊናን ሳያስጨንቁ ይስቡታልና፣ የዛለው ኃይል በዚያ ጊዜ ያርፋል። ይህም በፈተና ታይቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ማርክ በርማንና ባልደረቦቹ በአን አርበር ከተማ ሰዎችን በዛፎች መካከል ወይም በከተማው ጎዳና አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ አስኪደው፣ የሰሟቸውን ቍጥሮች ከኋላ ወደ ፊት እንዲደግሙ ቢጠይቋቸው፣ በዛፎቹ መካከል የተራመዱት ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ፤ ጥቅሙም በእግር ጉዞው ከመደሰትና ካለመደሰት ጋር የተያያዘ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ለአስታማሚዎች የቀረበ የሚመስለኝ ግን በ2015 ዓ.ም. ግሪጎሪ ብራትማን በስታንፎርድ ያደረገው ምርመራ ነው። በተፈጥሮ መካከል 90 ደቂቃ የተራመዱ ሰዎች፣ የጎደለውንና ያለፈውን እያነሡ ራስን መውቀስ ቀነሰላቸው፤ ከዚህ ዐይነቱ ተመላላሽ ትካዜ ጋር የተያያዘውም የአንጎል ክፍል ሥራው ረገብ ብሎ ታየ፤ መኪና በሚበዛበት መንገድ በተራመዱት ላይ ግን ይህ አልታየም። «ይበልጥ ባደርግላት ኖሮ» እያለች የምታድር ሴት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቀዋለች።

ነገር ግን ደኑ ብቻውን አይበቃም። ካፕላኖቹ ራሳቸው ስፍራው ከሰውየዋ ፈቃድና ባሕርይ ጋር መስማማት እንዳለበት አስተምረዋል፤ ትጠብቅ፣ ትጠነቀቅ ዘንድ የሚያስገድዳት ስፍራ የዛለውን ትኵረት መልሶ ያሠራዋል እንጂ አያሳርፈውምና። ለጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ ደኑ ሁልጊዜ የተከፈተ በር አልነበረም። ከዋሽንግተን ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ በሚገኘው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1939 ዓ.ም. ሉዊስ ማውንቴን የተባለው ክፍል ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ ተከፈተ፤ ልዩነቱም ፈጽሞ የቀረው በ1950 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ልጃገረዶች ዛሬ የሚታመሙት እናቶችና አያቶች ናቸው። ስለዚህ ሴቶቹ ከሚመስሏቸው ጋር አብረው ለመውጣት መፈለጋቸው ራስን ማግለል ሳይሆን የዕረፍቱ አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሩ ማፕ በ2009 ዓ.ም. የመሠረቱት አውትዶር አፍሮም ሆነ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የጥቁር ሴቶች የእግር ጉዞ ማኅበር ገርልትሬክ ሰው ያገኙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ደግሞም ታሪኩ የመገለል ብቻ አይደለም፤ በሜሪላንድ ጫካና ረግረግ ውስጥ ከአባቷ ጋር ግንድ ስትቈርጥ ያደገችው ሐሪየት ተብማን የዱሩን ጠባይ በማወቋ ብዙ ሰዎችን ከባርነት አውጥታበታለች፤ አረጋውያን ወላጆቿንም አውጥታ ጦራለች፣ በስተርጅናዋም በኦበርን ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ አቋቁማለች።

ሳይንሱ ያላደረሰውን ማድረስ ግን ተገቢ አይደለም። ከእነዚህ ምርምሮች የሚበዙት በተማሪዎችና በጤነኞች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ የሦስት ቀን ዕረፍትም የዓመታትን ድካም ያጥባል ወይም ያጠረውን ቴሎሜር ያስረዝማል የሚል ሰው ማስረጃ የለውም። ከዚያም ይልቅ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሷ በደን ስትሆን እናትየዋን ማን ያስታምማል? ስልኳን በእጇ ይዛ፣ ልቧን በቤት ትታ የሄደች ሴት በሥጋ ብቻ እንደ ሄደች ይቈጠራል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ለአስታማሚዎች ፋታ የሚሆን ተተኪ ሰው እንዲገኝ የሚረዳ ሕግ ማውጣቱ በዚህ ምክንያት ነው፤ የዕረፍት ጉባኤ የሚያዘጋጁም ሰዎች ከመኝታውና ከምግቡ በፊት የተተኪውን ወጪ ቢያስቡ መልካም ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት እኅቶቻችን ብዙዎቹ ቀን የሌላውን ሽማግሌ ሲያነሡና ሲያስተኙ ውለው፣ ማታ የገዛ እናታቸውን ወደ መጦር ይገባሉ። በአገር ቤት እናቶች በጾመ ፍልሰታ በጥድ፣ በወይራና በዝግባ ወደ ተከበበ ደብር ወይም ወደ ጸበል ስፍራ ሱባኤ ሲገቡ፣ ቤቱንና በሽተኛውን ለእኅት ወይም ለጎረቤት አደራ ብለው ነበር። በባዕድ አገር የሸናንዶዋ ደን በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አለ፤ አደራ ተቀባዩ ግን ወይ በሥራ ላይ ነው ወይ አገር ቤት ቀርቷል። ማኅበሮቻችንና አጥቢያዎቻችን ይህን ተራ በተራ የመተካካት ሥራ ቢይዙት ታላቅ ምጽዋት ነው።

ወደ ደን መሄድ ለማይሆንላትም ቢሆን፣ የሚጠቅመው የተፈጥሮ መጠን ትንሽ ነው። ሜሪ ካሮል ሃንተር በ2019 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በምራቅ ውስጥ የሚለካው ኮርቲዞል ከሁሉ ይልቅ ቶሎ የወረደው ሰዎች ተፈጥሮ ባለበት ስፍራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቈዩ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ 20,000 ከሚያህሉ ሰዎች በተሰበሰበ መረጃ፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል ያሳለፉት ስለ ጤናቸው የተሻለ መልስ ሰጥተዋል፤ ሁለቱ ሰዓት በአንድ ቀን ቢያልቅም፣ በሳምንቱ ቀኖች ቢከፋፈልም ልዩነት አልታየበትም። በሰፈሩ መናፈሻ ካለ ዛፍ ሥር በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች መቀመጥ ይቻላል፤ ከበሽተኛው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ከተገኘ።