የአንባቢ አስተያየት መጠየቅ

የአንባቢ አስተያየት መጠየቅ ማለት ደራሲ ወይም አሳታሚ መጽሐፉን ያነበበ ሰው የተሰማውን በኢንተርኔት የመጽሐፍ መደብር ወይም በአንባቢያን ድረ ገጽ ላይ እንዲጽፍ፣ አለዚያም ከ1 እስከ 5 ኮከብ እንዲሰጥ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው መጽሐፉን እንደወደዱት ለደራሲው ለነገሩት ሰዎች ነው። ክርክር የሚያስነሳውም ይኸው ምርጫ ነው። የአንባቢ አስተያየት በጋዜጣና በመጽሔት ከሚወጣው ሂስ ይለያል። ሐያሲ በስሙ ይጽፋል፣ ለጻፈውም ይጠየቃል። የኢንተርኔት አስተያየት ሰጪ ግን ብዙ ጊዜ በቅጽል ስም የሚጽፍ፣ ክፍያም የማይቀበል ተራ አንባቢ ነው።

አመጣጥ

አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 መጽሐፍ በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር ደንበኞቹ ስላነበቡት መጽሐፍ እንዲጽፉ ፈቀደ። ሻጭ የራሱን ዕቃ የሚነቅፍ ጽሑፍ ከዋጋው አጠገብ መለጠፉ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ሆኖም ምክንያት ነበረው። በመደብር ውስጥ ገዢ መጽሐፉን አንሥቶ ያገላብጣል፣ ሻጩንም ይጠይቃል። በኢንተርኔት ይህን ማድረግ ስለማይችል የሌሎች አንባቢዎች ቃል ተተካለት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ጉድሪድስ ደግሞ ለአንባቢዎች ብቻ የተዘጋጀ መድረክ ሲሆን፣ በ2013 አማዞን ገዝቶታል።

ደራሲዎች ለምን ይጠይቃሉ

በደራሲዎች ዘንድ የተለመደው መከራከሪያ «የወደደ አንባቢ መጽሐፉን ከድኖ ዝም ይላል፤ የተናደደ ግን ይጽፋል» የሚል ነው። ይህ እምነት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የኢንተርኔት አስተያየቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት ሥርጭት ብዙ ባለ 5 ኮከብ፣ ጥቂት ባለ 1 ኮከብ፣ በመካከል ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው። ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ይወደዋል ብሎ ያሰበውን መጽሐፍ ስለሆነ ውዳሴው ከጅምሩ ይበዛል። በእርግጥ ዝም የሚለው መጽሐፉ «ደህና ነው» ብሎ ያለፈው አንባቢ ነው።

ጁዲት ሸቫሊየርና ዲና ሜይዝሊን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ መጻሕፍት በአማዞንና በባርንስ ኤንድ ኖብል ድረ ገጾች ላይ ያገኙትን አስተያየትና ሽያጭ አነጻጽረዋል። አስተያየቱ በአንደኛው ድረ ገጽ ሲሻሻል የመጽሐፉ ሽያጭም በዚያው ድረ ገጽ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ከዚህ ይልቅ ለደራሲ የሚጠቅመው ሌላው ውጤት ነው፦ ባለ 1 ኮከብ አስተያየት ሽያጭን የሚጎዳው ባለ 5 ኮከቡ ከሚጠቅመው በላይ ነው። ገዢ የደራሲው ወዳጆች ሊጽፉ እንደሚችሉ ስለሚጠረጥር ለውዳሴ የሚሰጠው ክብደት አነስተኛ ነው።

ጆናህ በርገርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት ደግሞ በኒውዮርክ ታይምስ የወጣ ነቀፌታ የታወቁ ደራሲዎችን ሽያጭ በ15 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የማይታወቁትን ግን በ45 በመቶ ገደማ ከፍ ማድረጉን አመልክቷል። ጥናቱ ስለ ጋዜጣ ሂስ እንጂ ስለ ኮከብ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ይጠቁማል፦ ጀማሪ ደራሲን የሚጎዳው መነቀፍ ሳይሆን አለመታወቅ ነው። አንድም አስተያየት ለሌለው መጽሐፍ ሐቀኛ የሆኑ አሥር አስተያየቶች፣ ሁለቱ ነቀፌታ ቢሆኑ እንኳ፣ ትልቅ ነገር ናቸው። አንድ ሺህ አስተያየት ያለው ደራሲ አሥር ወዳጆቹን ቢለምን ግን የሚያተርፈው ነገር የለም።

ጥያቄው መስመር ሲስት

ደራሲ ለራሱ መመስከሩ ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። አሜሪካዊው ገጣሚ ዎልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን ካሳተመ በኋላ ስሙን ሳይገልጽ ስለ ራሱ መጽሐፍ የምስጋና ጽሑፎችን በጋዜጣና በመጽሔት አውጥቷል። በ2004 የአማዞን የካናዳ ድረ ገጽ በቴክኒክ ስህተት የአስተያየት ሰጪዎችን እውነተኛ ስም ለጥቂት ቀናት ሲያሳይ፣ ልቦለድ ጸሐፊው ጆን ሬቺ ለራሱ መጽሐፍ 5 ኮከብ መስጠቱ ታወቀ።

ከዚህ የከፋው የብሪታኒያዊው የታሪክ ምሁር የኦርላንዶ ፋይጂስ ጉዳይ ነው። በ2010 በአማዞን ላይ የተቀናቃኞቹን የሮበርት ሰርቪስንና የሬቸል ፖሎንስኪን መጻሕፍት የሚያጣጥሉ፣ የእርሱን ግን የሚያሞግሱ አስተያየቶች ተገኙ። ፋይጂስ መጀመሪያ ካደ፣ ጠበቃም አቆመ። ቀጥሎ የጻፈችው ባለቤቱ ናት ተባለ። በመጨረሻ ራሱ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሣም ከፈለ። መጽሐፎቹ ያለ ኮከብም ብዙ አንባቢ የነበራቸው መሆናቸው ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል።

የጆን ሎክ ታሪክ ግን ወደ መጠየቁ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ሎክ በራሱ ወጪ ከሚያሳትሙ ደራሲዎች መካከል አንድ ሚሊዮን የኪንድል መጻሕፍት በመሸጥ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ይህን እንዴት እንዳደረገ የሚያስረዳ መጽሐፍም በ2011 አሳትሟል። በዓመቱ ኒውዮርክ ታይምስ እንደገለጸው ሎክ 300 አስተያየቶችን ከአንድ ድርጅት ገዝቷል። ድርጅቱ አንድ አስተያየት በ99 ዶላር፣ 20 በ499፣ 50 ደግሞ በ999 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሎክ ስኬቱን ባስረዳበት መጽሐፍ ስለ ግዢው አልተናገረም። ይሁንና መጽሐፉን ያልወደደ ሰው እንዳልወደደው በነፃነት እንዲጽፍ ለድርጅቱ ነግሮ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ውዳሴ ማዘዙ ሳይሆን፣ የተከፈለበትን ቃል ያልተከፈለበት አስመስሎ ለገዢ ማቅረቡ ነው።

ሕጎችና ደንቦች

አማዞን ደራሲ ለአንባቢ መጽሐፉን በነፃ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ በምትኩ አስተያየት ማስገደድን ወይም በይዘቱ ላይ ተጽዕኖ ማድረግን ግን ይከለክላል። የቤተሰብና የቅርብ ወዳጅ አስተያየትም አይቀበልም። ኩባንያው በ2016 ዕቃ በነፃ ሰጥቶ አስተያየት መቀበልን ሲያግድ መጻሕፍትን ለይቶ ትቷቸዋል፤ መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች ቅጂ መላክ የቆየ የአሳታሚዎች ልማድ ነውና።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው፣ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየት መጻፍንና መግዛትን፣ እንዲሁም ጥሩ ወይም መጥፎ እንዲሆን በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ክፍያ መስጠትን ይከለክላል። በብሪታኒያም ተመሳሳይ ክልከላ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ይሠራል። መጠየቅን በራሱ የከለከለ አንድም የለም። ነገር ግን የአሜሪካው ኮሚሽን ለነጋዴዎች ባዘጋጀው መመሪያ፣ ጥሩ ይናገራሉ ተብለው የሚገመቱትን ደንበኞች ብቻ መርጦ መጠየቅ እንደማይገባ ይመክራል።

ያመሰገኑትን ብቻ መጠየቅ

ይህ ምክር ለደራሲ ከባድ ነው። ነጋዴ የደንበኞቹ ዝርዝር አለው፣ ሁሉንም መጠየቅ ይችላል። ደራሲ ግን ከአንባቢዎቹ የሚያውቀው ጥቂቶችን ነው፤ እነርሱም አመስግነው የጻፉለት ናቸው። ከእነዚህ አንዱን «ይህንኑ ለሌሎች አንባቢዎች ብትጽፈው» ቢለው ሰውየው ያላመነበትን አይጽፍም፤ ቃሉ የራሱ ነው። የሚዛባው ድምሩ ነው። ያልወደዱት ሳይጠየቁ ሲቀሩ አማካይ ኮከቡ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ደራሲው የስልክ ማውጫ ይናገራል።

የተሻለ የሚባለው ዘዴ ጥያቄውን በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ማተም ነው። እዚያ የደረሰ ሁሉ ያነበዋልና ምርጫው የደራሲው አይሆንም። አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «የተሰማዎትን ይጻፉ» ማለት አስተያየት መጠየቅ ነው፤ «5 ኮከብ ይስጡልኝ» ማለት ውለታ መጠየቅ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ በአማርኛ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይመጣል። በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ መጽሐፉን አስፈርሞ የወሰደ ሰው ደራሲው ራሱ ሲጠይቀው እንቢ ለማለትም፣ ሦስት ኮከብ ለመስጠትም ይቸገራል። አንባቢዎቹን በማኅበርና በዝምድና በሚያውቅ ደራሲ ዘንድ፣ በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች እንደሚያጋጥመው፣ ይህ ጫና ይበልጥ ይሰማል።

መጠየቁ ለሁሉም አንባቢ እኩል አይደርስም። በአሜሪካው የአማዞን ድረ ገጽ ላይ አስተያየት ለመጻፍ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ በባንክ ካርድ ቢያንስ 50 ዶላር ግዢ መፈጸም ያስፈልጋል። መጽሐፉን በዋሽንግተን ያሳተመ ደራሲ አዲስ አበባ ያለውን አንባቢውን ቢጠይቅ፣ አንባቢው ፈቃደኛ ሆኖም በዚህ ምክንያት ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል። ጉድሪድስ ግን ግዢን ስለማይጠይቅ በነፃ ተመዝግቦ መጻፍ ይቻላል። በዚያው ልክ መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ኮከብ መስጠት ይችላል፤ ያልታተሙ መጻሕፍት ሳይቀሩ ገና ከመውጣታቸው በፊት በባለ 1 ኮከብ ዘመቻ ተመትተውበታል። ኤልዛቤት ጊልበርት ታሪኩ ሩሲያ ውስጥ የሚፈጸም ልቦለዷን በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) ከኅትመት ያዘገየችው በጉድሪድስ እንዲህ ያለ ዘመቻ ከደረሰባት በኋላ ነው።