የእርሳስ አይሶቶፕና የማዕድናት ምንጭ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው አማኑኤል በባዛልት ደጋ ላይ የቆመች ከተማ ናት። የደጋው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነው። የለገደምቢ ወርቅ የሚገኝበት የአዶላ ዐለት ግን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ስለሆነም ተማሪ «በእኛ አካባቢ ወርቅ ስለምን አይቆፈርም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህሩ የብረታ ብረትን ምንጭ ለይቶ ማስረዳት ይኖርበታል። ለዚህም የእርሳስ አይሶቶፕ ይረዳል።

የተፈጥሮ እርሳስ አራት አይሶቶፖች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የእርሳስ 204 መጠን ከጊዜ ብዛት አይጨምርም። እርሳስ 206 ከዩራኒየም 238፣ እርሳስ 207 ከዩራኒየም 235፣ እርሳስ 208 ደግሞ ከቶሪየም 232 መፈራረስ እየተገኙ ይጨምራሉ። ዩራኒየም 238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ ዩራኒየም 235 በ704 ሚሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳሉ። በመሆኑም የእያንዳንዱ ዐለት የእርሳስ ውድር እንደ ዕድሜውና እንደ ዩራኒየም ይዞታው ይለያያል።

ጋሌና የተባለው የእርሳስና የድኝ ውሁድ ዩራኒየም የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በተፈጠረበት ጊዜ የነበረው ውድር ሳይለወጥ ይቆያል። ተመራማሪዎች ይህን በማስ ስፔክትሮሜትር ለክተው ከአካባቢው ዐለቶች ውድር ጋር ያመሳክራሉ።

ቀይ ባሕር ከመከፈቱ በፊት የኢትዮጵያና የዓረቢያ ጥንታዊ ዐለቶች የተያያዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በምዕራባዊው የዓረቢያ ክፍል ያለው እርሳስ በውቅያኖስ ውስጥ ከተወለደ አዲስ ቅርፊት የመነጨ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ግን የቀደመ የአህጉር ቅርፊት አሻራ ይታይበታል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። እርሳስ በቀጥታ የሚመሰክረው ስለ ራሱ ነው። ወርቅ የማይፈራርስ አይሶቶፕ ያለው አንድ ብቻ በመሆኑ በዚህ መንገድ አይመረመርም፤ ምንጩ የሚገመተው አብሮት ከተገኘው ጋሌና ነው። ከሁለት ምንጮች የተቀላቀለ እርሳስም ሊያሳስት ይችላል። በተጨማሪም መምህሩ የመጻፊያው እርሳስ ግራፋይት እንጂ ብረት አለመሆኑን አስቀድሞ ቢያስገነዝብ ተማሪው አይደናገርም።

ለተማሪው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ከዚህ ይነሣል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከባዛልቱ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብረው ያያል። እንደ አዶላ ያለው ጥንታዊ ዐለት የሚገኘው ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው።