ሳይጮኽ የሚያቀዘቅዝ የኮምፒውተር ማራገቢያ እንዴት ይመረጣል?

ዲማ፦ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ጤፍ የሚወቃበት የበጋ ወቅት ሲገባ የዓውድማው ብናኝና የመንገዱ አቧራ በየቤቱ ይገባል። ማመልከቻ ለማስጻፍ ወይም ሰነድ ለማባዛት ወደ ከተማ የወጣ አርሶ አደር የሚገለገልበት ኮምፒውተርም ከዚህ አያመልጥም። ማራገቢያው ያጓራል፣ ማሽኑ ይዘገያል፤ አንዳንዴም የተጀመረው ጽሑፍ ሳይቀመጥ በድንገት ይጠፋል። ባለጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ባለሱቁም "ኮምፒውተሩ አርጅቷል" ብሎ ሌላ ለመግዛት ያስባል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን መታየት ያለበት የአየሩ መንገድ ነው።

ለመሆኑ የማራገቢያው ሥራ ምንድን ነው?

በተለምዶ "ሲፒዩ" እየተባለ በሚጠራው ሳጥን ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ካልወጣለት ራሱን ለመጠበቅ በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስም ማሽኑ ይጠፋል። በብዙ ፕሮሰሰሮች ይህ ገደብ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሳጥኑ ማራገቢያ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የጋለውን አስወጥቶ በክፍሉ አየር ይተካዋል እንጂ።

በዚህ ረገድ ደጋ ጥቅምም ጉዳትም አለው። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ያግዛል። ነገር ግን እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። በባሕር ጠረፍ የሳጥኑን አየር በ10 ዲግሪ የሚያሞቅ ማሽን እዚህ በ12 ወይም በ13 ዲግሪ ያሞቀዋል። ስለዚህ የአየሩ መንገድ መታፈን በደጋ ይበልጥ ይጎዳል።

ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫው

እህል የሚያዘራ ገበሬ ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ ካልነፈሰ መንሹን አያነሣም። ሳጥኑም እንደዚያው ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ከፊት ገብቶ የጋለው ከኋላ ወይም ከላይ መውጣት አለበት። ማራገቢያዎቹ ተፋጥጠው ከተገጠሙ ትርፉ ጩኸት ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ማራገቢያዎች አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የሚደግፉት ክንዶች በሚታዩበት ጎን ነው። ለጽሕፈት ሥራ ከፊት አንድ አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ይበቃል። አስገቢው ጠንከር ብሎ በወንፊት ከተሸፈነ አቧራው በየቀዳዳው አይሳብም። ክዳኑን ከፍቶ መተው ለጊዜው ቢያቀዘቅዝም አቧራ ይጋብዛል።

መጠኑና ድምፁ

ማራገቢያዎች በአብዛኛው 80፣ 92፣ 120 እና 140 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ሳጥኑ የሚቀበለውን ትልቁን መምረጥ ይመከራል፤ ሰፊው ቀስ ብሎ እየዞረ የሚያወጣውን አየር ትንሹ የሚያወጣው በመክነፍ ነውና። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ አየሩም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ለጆሮ የእጥፍ ያህል ነው። ስለሆነም ሁለት ዝግተኛ ማራገቢያዎች ከአንድ ፈጣን ይልቅ ጸጥ ያሉ ናቸው። የሚያንቋርር ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ኩሽኔታው ሳያልቅ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መፍትሔው መቀየር ነው።

ፍጥነቱን መቆጣጠር

ባለ 3 ፒን ማራገቢያ ፍጥነቱ የሚስተካከለው ቮልቴጁን በመቀነስ ነው፤ ባለ 4 ፒኑ ግን 12 ቮልቱ ሳይነካ ከማዘርቦርዱ በሚላክለት ምልክት ይታዘዛል። ማስተካከያው በብዙ ኮምፒውተሮች ባዮስ ውስጥ ይገኛል። ለመነሻ ያህል የፕሮሰሰሩ ሙቀት 50 ዲግሪ እስኪሆን በ40 በመቶ ፍጥነት፣ 75 ሲደርስ በሙሉ ኃይል እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። በ40 በመቶ የማይነሣ ማራገቢያ ካለ መነሻውን ከፍ ማድረግ ይገባል።

አዲስ ከመግዛት በፊት

በበጋ ወራት ሳጥኑን በወር አንድ ጊዜ ማጽዳት ጠቃሚ ነው። ማሽኑን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ ክንፎቹን እንዳይዞሩ በጣት ይዘው አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ፓወር ሰፕላዩን ግን አይክፈቱ፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ሳጥኑን ከወለሉ ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ያስቀምጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሽኑ አሁንም ከጠፋ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን ብሩሹና ትክክለኛው አቅጣጫ ከሩቅ የመጣውን ባለጉዳይ ጉዳዩን በዕለቱ ጨርሶ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደርጉታል።