ግብር የሚከፍል ቤተሰብ

በህንድ ግብር የሚከፍሉት ግለሰቦችና ድርጅቶች ብቻ አይደሉም፤ ቤተሰብም በራሱ ስም ይከፍላል። ሕጉ «ያልተከፋፈለ የሂንዱ ቤተሰብ» የሚለው ይህ አካል የራሱ የግብር መለያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ አለው፤ ቤት ያከራያል፣ አክሲዮን ይገዛል፣ ዓመቱ ሲዘጋ ገቢውን ያስታውቃል። በስሙ የሚፈርመው «ከርታ» የሚባለው የቤቱ አስተዳዳሪ ሲሆን፣ ሥልጣኑ ለረጅም ዘመን የታላቁ ወንድ ነበር። ቡድሂስቶች፣ ጃይኖችና ሲኮችም በዚሁ ሕግ ይጠቀማሉ። ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስለሚተዳደሩ አይመለከታቸውም።

አሠራሩ ከቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰ ነው። አባትና ልጆች፣ ወንድማማቾችና የወንድም ልጆች ሀብታቸውን ሳይከፋፈሉ በጋራ ሲያስተዳድሩ ያዩት እንግሊዞች በ1922 ባወጡት የገቢ ግብር ሕግ ቤተሰብን እንደ አንድ ግብር ከፋይ ቆጠሩት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ነጻይቱ ህንድም አልሰረዘችውም።

ቤተሰብ ይህን ያህል ክብደት ያገኘበትን ምክንያት ለመረዳት የመንግሥትን ካዝና ማየት ይበቃል። ከአሥር ህንዳውያን ሠራተኞች ዘጠኙ ያህል የሚሠሩት መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ማሳ ላይ፣ ግንባታ ላይ፣ ጉልት ላይ፣ ሰው ቤት። አብዛኞቹ ጡረታ አይጠብቁም። ማዕከላዊው መንግሥት ለድሃ አረጋውያን የሚሰጠው ድጎማ ከ60 እስከ 79 ዓመት ለሆናቸው በወር 200 ሩፒ፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት 500 ሩፒ ነው። ክፍለ ግዛቶች ከየራሳቸው ይጨምሩበታል። ያም ሆኖ የታመመን የሚያሳክመው፣ ሥራ ያጣን የሚያበላው፣ የሞተን የሚሸኘው ዘመድ ነው።

ስለ ህንድ የጋራ ቤተሰብ ሲወራ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ሦስት ትውልድ የታጨቀበት ሰፊ ግቢ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ኢራዋቲ ካርቬ በ1953 ባሳተሙት መጽሐፍ መስፈርቱን ሲዘረዝሩ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ማድቤት፣ የጋራ ሀብትና የጋራ አምልኮ ብለው ነበር። በዚህ መለኪያ ከሄድን ቤቱ እየጠበበ ነው። ከ2019 እስከ 2021 በተካሄደው አገር አቀፍ የቤተሰብ ጤና ጥናት በአንድ ቤት የሚኖሩት ሰዎች በአማካይ 4.4 ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት በአማካይ 3.4 ልጆች ትወልድ ነበር፤ አሁን ቁጥሩ ወደ 2.0 ወርዷል።

ነገር ግን የጣሪያው ቁጥር ሁሉን አይናገርም። ሶሲዮሎጂስቱ አይ.ፒ. ዴሳይ በጉጃራቷ ትንሽ ከተማ በማሁቫ ያደረጉትን ጥናት በ1964 ሲያሳትሙ፣ ለየብቻ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በሀብትና በግዴታ እንደተሳሰሩ መቆየታቸውን አሳይተዋል። ዛሬም ያው ነው። ቤንጋሉሩ ወይም ዱባይ ተቀጥሮ የሚኖር ልጅ በቤት ቆጠራ ላይ ራሱን የቻለ አባወራ ነው፤ የእህቱ ሰርግ፣ የወንድሙ የኮሌጅ ክፍያ ወይም የአያቱ ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ግን ከመዋጮው አይቀርም። ቦታ ሲገዛም፣ ሥራ ሲቀይርም አባቱን ሳያማክር አይወስንም።

የቤተሰቡ ቅርጽም በየአካባቢው ይለያያል። በሰሜን ህንድ ሙሽራ ወደ ባሏ ወላጆች ቤት ትገባለች። በሰሜን ምሥራቅ በሜጋላያ ተራሮች በሚኖሩት ካሲዎች ዘንድ ግን ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው፤ የወላጆችን ቤት የምትወርሰውና እነሱን የምትጦረው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት። በንጉሡና በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ የመጡባት ኬረላም ሌላ ታሪክ አላት። በዚያ ናያሮች የሚባሉት ሰዎች «ታራዋድ» በሚሉት የእናት ወገን ትልቅ ቤት ይኖሩ ነበር፤ ሀብቱን የሚያስተዳድረውም የእናት ወንድም ነበር። ኬረላ በ1975 ባወጣችው ሕግ ያልተከፋፈለውን የሂንዱ ቤተሰብ ሥርዓት ከነጭራሹ አፍርሳ የጋራውን ሀብት ለየአባላቱ አከፋፍላለች።

የቤተሰብ ክንድ በደንብ የሚታየው በጋብቻ ላይ ነው። የህንድ ፊልም ሲያይ ያደገ ሰው የፍቅረኞችና የወላጆች ትግል አዲስ አይሆንበትም፤ እውነታውም ከፊልሙ ብዙ አይርቅም። በ2011 እና 2012 በተሰበሰበ ሰፊ አገር አቀፍ ጥናት፣ «ካስት» ከሚሉት የትውልድ መደባቸው ውጪ ያገቡት ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የእሁድ ጋዜጦች የሙሽራ ፍለጋ ገጾች በካስት፣ በቋንቋና በሙያ ተከፍለው ይወጡ ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ይኸው ምድብ ወደ ኢንተርኔት የጋብቻ ድረ ገጾች ተሻግሯል። በሰሜን የሂንዱ ማኅበረሰቦች አንድ ካስት መሆን ግድ ሆኖ፣ «ጎትራ» የሚሉት የአባት ወገን የዘር ሐረግ አንድ መሆኑ ደግሞ ነውር ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ለምሳሌ በታሚል ናዱ፣ የእናትን ወንድም ልጅ ማግባት የተለመደ ነው።

ይህን አጥር ለሚዘሉ ጥንዶች ሕጉ በር ከፍቷል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። የ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሳይቀይሩ እንዲጋቡ ይፈቅዳል። ሆኖም የጋብቻው ማስታወቂያ በመዝጋቢው ቢሮ ለ30 ቀናት ይለጠፋል። ከቤት ሸሽተው ለመጡ ጥንዶች ይህ ወር የሚያስፈራ ጊዜ ነው፤ ወንድምም አጎትም አንብቦ ሊደርስ ይችላል። በሃርያና እና በምዕራብ ኡታር ፕራዴሽ መንደሮች «ካፕ» የሚባሉ የጎሳ ሸንጎዎች እንዲህ ያሉ ጋብቻዎችን ሲያወግዙ ኖረዋል፤ በቤተሰብ «ክብር» ስም የተገደሉም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ሸንጎዎቹ በሁለት አዋቂዎች ጋብቻ ጣልቃ መግባታቸው ሕገወጥ መሆኑን ወስኖ፣ ክፍለ ግዛቶች ለጥንዶቹ መጠለያ እንዲያዘጋጁ አዟል።

በቤት ውስጥም ሸክሙ እኩል አይደለም። በ2019 በተደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ የቤት ውስጥ ሥራ ከሚሠሩት መካከል ሴቶች በቀን በአማካይ 299 ደቂቃ ሲያጠፉበት ወንዶች 97 ደቂቃ ያጠፉበታል። የሙሽራዋ ቤተሰብ ለሙሽራው ወገን የሚሰጠው ጥሎሽ ከ1961 ጀምሮ በሕግ ቢከለከልም፣ ፖሊስ በየዓመቱ ከጥሎሽ ጋር የተያያዙ ከ6,000 በላይ የሚስቶች ሞት ይመዘግባል። በውርስ በኩል ለውጡ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። በ2005 የተሻሻለው የሂንዱ የውርስ ሕግ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል በጋራው ሀብት ላይ የትውልድ ባለድርሻ አደረጋት። የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 የቤቱ ታላቅ ሴት ከሆነች ከርታ ልትሆን እንደምትችል ወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2020፣ ሕጉ በ2005 ሲሻሻል አባቷ በሕይወት ባይኖርም የልጅቱ መብት እንደማይቀር አጸና።

ከቤተሰብ ቀጥሎ ያለው ክበብ ማኅበረሰቡ ነው፤ ካስቱ፣ የመንደሩ ልጅ፣ የእምነት ባልንጀራው። ይህ ክበብ ለብዙዎች ባንክም ሥራ አገናኝም ሆኗል። ዛሬ በአሜሪካ ካሉት ሞቴሎች ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የያዙት የህንድ ተወላጆች ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ከጉጃራት የሄዱ ፓቴሎች ናቸው። ቀደም ብሎ የደረሰው ለአዲስ መጤው ዘመድ በእጅ መጨባበጥ ብቻ ገንዘብ ያበድረዋል፤ ተበዳሪው ሞቴሉን ገዝቶ ከነቤተሰቡ እዚያው ይኖራል፣ ሚስትና ልጆች ክፍል ያጸዳሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ። ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ከኡጋንዳ ሲያባርር ይህ መረብ ብዙዎችን ተቀብሏል።

በደቡብ ህንድ ደግሞ «ቺት» የሚባለው ቁጠባ ለእቁብ የቀረበ ነው። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ባለተራው የሚለየው ግን በጨረታ ነው። ቸግሮት አሁኑኑ የሚፈልግ ሰው ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ ብዙ ለመቀነስ ከተስማማ ይወስዳል፤ የቀነሰውም ለአባላቱ ይከፋፈላል። መንግሥት በ1982 ሕግ አውጥቶለታል፤ የኬረላ ክፍለ ግዛት ከ1969 ጀምሮ የራሱን የቺት ድርጅት ያስተዳድራል።

ከዘር ይልቅ በሥራ የተሰባሰቡ ማኅበረሰቦችም አሉ። በ1959 ሙምባይ ውስጥ ሰባት የቤት እመቤቶች 80 ሩፒ ተበድረው ፓፓድ የሚሉትን ስስ ቂጣ መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ «ሊጃት ፓፓድ» በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበራቸው ከ40,000 በላይ ሴቶችን ይዟል። ሴቶቹ ጠዋት ሊጡን ይወስዳሉ፣ ቤታቸው ዳምጠው ያደርቁታል፣ መልሰው ሲያስረክቡ ይከፈላቸዋል፤ ሁሉም ባለቤቶች ናቸው። በአምሪትሳር በሚገኘው የሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ ደግሞ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በነጻ ይበላል። ሀብታሙም ድሃውም አንድ ረድፍ ሠርቶ መሬት ይቀመጣል፤ ከማን ጋር መብላት እንደሚገባ ካስት በሚወስንበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2021 ኮሮና ደልሂን ባስጨነቀበት ወቅት በከተማዋ ዳርቻ ያለ አንድ የሲክ ቤተ መቅደስ በምግብ ፋንታ ኦክስጅን አድሏል።

አሁን ጥያቄው እየከበደ የመጣው በእርጅና ላይ ነው። ህንድ በ2007 ባወጣችው ሕግ ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ አለባቸው፤ ችላ የተባለ ወላጅ ለልዩ ችሎት አመልክቶ ወርሃዊ ቀለብ ማስቆረጥ ይችላል። «ትጦረኛለህ» ብሎ ቤቱን ለልጁ በስጦታ ያስተላለፈ አባት ልጁ ቃሉን ካጠፈ ስጦታውን ማሰረዝ ይችላል። ይሁንና ሕጉ የሚያስገድደው ልጅ ወይም ወራሽ ዘመድ ካለ ነው። ዛሬ ከአሥር ህንዳውያን አንዱ ገደማ 60 ዓመት አልፎታል፤ በ2050 ከአምስት አንዱ እንደሚሆን ይጠበቃል። ለየወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ የሆኑ ሁለት ሰዎች ከተጋቡ የሚጦሯቸው ሽማግሌዎች አራት ናቸው። በቤንጋሉሩና በፑኔ፣ ውጭ አገር ላሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ሐኪም ቤት የሚያደርሱና መድኃኒታቸውን የሚከታተሉ ድርጅቶች ገበያው ደርቶላቸዋል። ክፍያውን የሚልኩትም ሴቶች ልጆች ጭምር ናቸው።